ከቃሬዛው መልስ

ሌሊት ምጥ ሲጠና ባል ከደጁ ወጥቶ የጎረቤቱን ስም ይጣራል። ጎረቤቱ ሌላውን፣ ሌላውም ማዶ ያለውን ይጠራል። ጥቂት ቆይቶ ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ፣ የእጅ ባትሪ የሚያበራ ወንድ ግቢውን ይሞላዋል። ቃሬዛው ከተሰቀለበት ይወርዳል፤ ቁርበት ይነጠፍበታል፤ ወላዷ ትተኛበትና በጋቢ ትሸፈናለች። አራት ሰዎች ትከሻ ይሰጣሉ፣ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ከኋላ ይከተላሉ። ቁልቁለት ላይ የፊተኞቹ ቃሬዛውን ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጉታል፤ ዳገት ላይ ይህ ይገለበጣል። ሴቲቱ እንዳትንሸራተት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው የለም፤ እያንዳንዱ በልጅነቱ ከአባቱ ኋላ ሲከተል ያየው ነው።

የዋግ ኽምራ ምድር እንዲህ ያለውን ጉዞ ግድ ይላል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሰቆጣ ወዲያ ደግሞ የተከዜና የጽራሬ ሸለቆዎች አገሩን ቆራርጠውታል፤ ማዶ ለማዶ እየተያዩ ለመገናኘት ግን ወርዶ መውጣት የሚጠይቁ መንደሮች ብዙ ናቸው። አምቡላንስ የሚገባው መንገድ እስካለ ድረስ ነው። መንገዱ ሲያበቃ፣ በዝቋላና በሳህላ ቆላም ሆነ በዳህናና በጋዝጊብላ ደጋ፣ በሽተኛ የሚጓዘው በሰው ትከሻ ነው።

መሸከሙ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ግዴታም አለበት። የሰፈሩ ሰው ሲጠራ የቀረ በእድር ይቀጣል፣ ካልተቀጣም ይታማል። ነገ የእርሱም ሚስት በቃሬዛ ትወጣ ይሆናልና ማንም ደፍሮ አይቀርም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ያ ግዴታ ያበቃል። አብዛኛው ሰው በሬው ያልተጠመደለት፣ ከብቱ ያልወጣለት ነውና ይመለሳል፤ መመለሱም ነውር የለበትም። ግን ሁልጊዜ ጥቂት የማይመለሱ አሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ ለአስታማሚዋ ሻይና ዳቦ ይገዛል። ነገሩ ከብዶ ወላዷ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ከተላከች አብሮ የሚሄድ፣ ደም ቢጠየቅ ክንዱን የሚሰጥ ከመካከላቸው አይጠፋም። ያዘዛቸው የለም፤ ቢቀሩም የሚጠይቃቸው የለም።

ለእነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት በቃል መግለጽ ይከብደኛል። ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከቃሬዛው ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 41 ላይ፣ ለአንድ ምዕራፍ መንገድ የተገደደ ሰው ሌላ አንድ በፈቃዱ እንዲጨምር ያስተምራል። ያን ዕለት የሰሙት ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ምሳሌ አላስፈለጋቸውም። አገራቸው በሮም እጅ ነበረች፤ ወታደር በመንገድ ያገኘውን ገበሬ አስቁሞ ጓዙን ሊያሸክመው ይችል ነበር። የሮማውያን ምዕራፍ የሁለቱ እግር መራመድ እንደ አንድ ተቆጥሮ 1,000 እርምጃ ነው፤ በዛሬው ልክ 1,480 ሜትር ገደማ። ሥራውን ጥሎ የማይወደውን ሰው ሸክም የተሸከመ ሰው እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚሄድ መገመት ቀላል ነው።

የዋግ ሽማግሌዎችም ይህን ለመረዳት ሮም ድረስ መሄድ የለባቸውም። ዋግ በትውፊት ከዛጉዌ ነገሥታት የሚወለዱ ዋግሹሞች ለዘመናት የገዙት አገር ነው። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ያ ሁሉ ክብርና ያ ሁሉ ዘመቻ የቆመው በገበሬው ጀርባ ነበር። ገባር ግብሩን ከከፈለ በኋላ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እህሉን ያጓጉዛል። ሚስቱም ትፈጫለች። ጦር ሲያልፍ ያበላል፣ ይሸከማል። ይህ ሥርዓት በአዋጅ የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ አባታቸው ሁዳድ ሲያርስ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከዚያ ወዲህም ግዴታው ስሙን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በየዓመቱ ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ለሚያገኘው እርዳታ በማኅበረሰብ ሥራ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህን የወንጌል ቃል አንስቶ የተበደለውን ሰው ዝም የሚያሰኝ ሰባኪ ቃሉን አላግባብ እየተጠቀመበት ነው። ጌታ የወታደሩን ማስገደድ አልባረከም። የተናገረው ለተሸካሚው ነው፤ ከአንደኛው ምዕራፍ ጫፍ ላይ ወታደሩ ሥልጣኑን ይጨርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የተሸካሚው ነው። እዚያ ላይ ገበሬው ባሪያ አይደለም። ወታደሩ ራሱ ግራ ተጋብቶ፣ ምናልባትም አፍሮ፣ ስሙን ሊጠይቀው ይችላል።

በስቅለት ቀን ታሪኩን የምንሰማው የቀሬናው ስምዖን እንዲህ የተገደደ ሰው ነበር። ከገጠር ሲመጣ በመንገድ ያዙትና መስቀሉን አሸከሙት። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ስለ እርሱ ሲናገር የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት መሆኑን ይጨምራል። ወንጌላዊው የልጆቹን ስም ያነሣው አንባቢዎቹ የሚያውቋቸው ስለ ነበሩ እንደሆነ መምህራን ይናገራሉ። ሰውየው ያን ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደ ተናገረ የተጻፈ የለም። ልጆቹ ግን በክርስቲያኖች ዘንድ በስም የሚታወቁ ሆነዋል። በግድ የጀመረው ሸክም ወደ ቤተሰቡ ገብቷል ማለት ነው።

በዋግ ሥራንና ቤተሰብን፣ ግዴታንና ፈቃድን አንድ ላይ ያገናኘ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የሕፃናት ምግብ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ሰነድ ይፋ አደረገ። ዓላማው እስከ 2022 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆነ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። ስሙ ከዚህች ከተማ የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋግ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ሕዝቡ እህል ፍለጋ እስከ ኮረም በእግሩ ወጥቷል፣ ብዙው በመንገድ ቀርቷል። መቀንጨር ግን እንደዚያ ረሃብ ካሜራ የሚይዘው አይደለም። ልጁ ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ከእኩዮቹ ቢያጥርም እኩዮቹም አጥረዋልና ማንም አያስተውልም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከፅንሰት እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ነው፤ ያኔ የጎደለው የአካልና የአእምሮ እድገት በኋላ በቀላሉ አይተካም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ሲሆን ከአገሪቱ ከፍተኛው ነበር።

ቃል ኪዳኑን ከወረቀት ወደ ጎጆ የምታወርደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ዕቅዱ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ነበር። ጤና ኬላ ይከፍታሉ፣ ይከትባሉ፣ ነፍሰ ጡር ይመዘግባሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሥራቸው ተጽፎ የተሰጣቸው ነው። ዋግ ላይ ግን የተጻፈው ሥራ በርካታ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አማርኛ የማይቀናት፣ በኽምጣጋ ተወልዳ በኽምጣጋ ያረጀች አያት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ የልጅ ልጇን ምን መመገብ እንዳለባት የመጣችው ወጣት ልትነግራት ነው። መዝገቡ ላይ «ትምህርት ተሰጠ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የቋንቋውን ቃል አንድ በአንድ ለቅማ፣ ቡናው እስኪፈላ ቆይታ፣ አያቲቱ ስንት ወልዳ ስንት እንደቀበረች ሰምታ ከዚያ የምትናገር ባለሙያ ግን መዝገብ የማያውቀውን ሥራ ሠርታለች።

ከዚያም የድስቱ ነገር ይመጣል። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት በተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ገንፎው ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት ቢገባ ይመረጣል። ዋግ የፍየል አገር ነው፤ ዶሮም በየቤቱ አለ። ታዲያ ለምን ልጁ አይደርሰውም? አንደኛው ምክንያት ድህነት ነው። እንቁላሉ ገበያ ወጥቶ ጨውና ቡና ይሆናል። ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን ስንቆጥር የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ቤት ውስጥ ጥሉላት አይሠራም። ለሕፃኑ እንቁላል ቢቀቀል ወይም ወተት ቢፈላ ድስቱ ይነካካል፣ ቤተሰቡን ያስገድፋል ተብሎ ይፈራል። አንድ ድስት ብቻ ባለበት ቤት ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ እናቲቱ ሃይማኖቷን እየጠበቀች ነው። ስለዚህ ጾም የማይመለከተው ሕፃን ከጾመኞቹ ጋር ይጾማል።

ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለጾም አታስገድድም። የምታጠባዋንና ነፍሰ ጡሯን ደግሞ የንስሐ አባቷ አቅሟን አይቶ ያዝላታል። ይህን ጤና ባለሙያዋ ብትናገር አያቲቱ አትሰማትም፤ «ደግሞ ጾም ልታስጥለን መጣች» ትባላለች። የንስሐ አባት ቢናገር ግን ነገሩ ያልቃል። እዚህ ላይ ነው የአንዱ ትርፍ ድካም የሌላውን የሚጠራው። ባለሙያዋ ደብሩ ድረስ ወጥታ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ማነጋገር አለባት፤ ሥራዋ ውስጥ አልተጻፈም። ካህኑ ዓመት ዓመት ጠበል ለመርጨት ብቻ የሚዞርባቸውን የንስሐ ልጆቹን ቤት በአዘቦት ቀን መዞር አለበት፤ ማንም አያስገድደውም። እናቲቱ በሁለተኛ ድስት ለብቻ ማብሰል አለባት፤ እንጨትና ውኃ ይጨምርባታል። አባትየው ደግሞ ያን ትንሽ ድስት ከገበያ መግዛት፣ የሳምንቱን እንቁላል ሁሉ አለመሸጥ አለበት።

ጾምን እወዳለሁ፤ ዋግን በድርቅም በጦርነትም ያቆመው እምነቱ እንደሆነ አምናለሁ። ስለዚህም ነው ይህን የምለው። ጎልማሳው የሚጾመው በፈቃዱ ነው፤ ጉሮሮውን ከልክሎ ለእግዚአብሔር ያቀርባል። ሕፃኑ ግን ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ሌላውን በግድ አስጹሞ ጾሙን ለራስ መቁጠር ጓዝ አሸክሞ መሄድ ነው፤ ተሸካሚው ደግሞ ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ነው።

ወደ ቃሬዛው ሰው ልመለስ። ጧት የጎረቤቱን ሚስት ተሸክሞ ዳገት የወጣው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ እግሩን ታጥበዋለች። ልማድ ነው፣ ክብርም አለበት፤ በብዙ የገጠር ቤት የፍቅር ምልክትም ነው። እርሷ ግን ያን ዕለት ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ ፈጭታለች፣ ወንዝ ወርዳ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አውጥታለች፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። እንጀራ ጋግራለች፣ ለእንስሳቱ ገለባ ሰጥታለች፣ ልጅ አዝላለች፤ ብዙ ጊዜም ሌላ በሆዷ ይዛለች። ሁለተኛው ምዕራፍ እርሷ ዘንድ ቁጥር የለውም። በመጽሐፍ የተሰበከላት ሳይሆን በልማድ የተጫነባት ስለሆነ ማንም በጎ ሥራ ብሎ አይቆጥርላትም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ጎንበስ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት መታሰቢያ ነው፤ ሊቀ ካህናት ይሁን ሊቀ ጳጳስ ከዚህ አይቀርም። ያን ዕለት እግሩ የታጠበ ባል ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩን ለሚስቱ ይዘረጋል። የታጠበው ለምን እንደሆነ ቢገባው ኖሮ ውኃውን እርሱ ያሞቅ ነበር።

አገራችን «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚል ብሂል አላት። የዋግ ወንዶች ቀጋ ናቸው አልልም፤ ብዙዎቹ ለሚስቶቻቸው የሚሳሱ ሰዎች ናቸው። የምለው ይህ ነው፦ የጎረቤትን ሚስት በትከሻ ተሸክሞ የወጣ ወንድ ይመሰገናል፣ የሚስቱን ጀሪካን ይዞ ከወንዝ የወጣ ወንድ ይሳቅበታል። ሁለተኛው ምዕራፍ ያለው እሳቁ ላይ ነው። እድር አይቀጣበትም፣ ካህን አያዝበትም፣ ጎረቤት አያመሰግንበትም። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ከሸክም ያሳረፈ ባል ምናልባት ያን የሌሊት ቃሬዛ ራሱ ሊያስቀር ይችላል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብን ሰው ካላመነ ሰው የባሰ ያደርገዋል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ማለዘብ የእኔ ድርሻ አይደለም።

ቤትና ውጭ ሁልጊዜ ተስማምተው አይሄዱም። ይህን ከወ/ሮ አበበች ጎበና ሕይወት የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ወ/ሮ አበበች በሰላሌ የተወለዱ፣ አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ያጡ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ተድረው ከዚያ ጋብቻ የጠፉ፣ በአዲስ አበባ በቡናና እህል ላኪ ድርጅት ውስጥ ጥራት የሚቆጣጠሩ ሠራተኛ ነበሩ። ሁለተኛ ጋብቻቸው ደህና ኑሮ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወሎ በረሃብ ስትጠቃ፣ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄዱ። መንገድ ላይ የወደቁ ሰዎችን አዩ፤ የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ። ከዚያም የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት የምትታገል ሕፃን አገኙ። ሕፃኗን አንሥተው ሄዱ። ሌላም ልጅ ጨመሩ፤ አባቱ በጣር ላይ ሆኖ የተማጠናቸው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያደርገዋል ብዬ አስባለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ አሉ፤ ዘመድ አዝማድ አበደች አለ። ወ/ሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ከደህና ቤት ወጥተው ልጆቹን ይዘው ጎጆ ውስጥ ገቡ፤ በእጃቸው እየሠሩና እየሸጡ አበሏቸው። ያ ጎጆ በኋላ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ሆነ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም አሳደገ። ልጆቹ «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም አረፉ።

ስለ ባላቸው ብዙ አስባለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም ይሆናል። ቤቱ ውስጥ 21 የሰው ልጅ ሲገባበት የሚጨነቅ ባል በየሰፈራችን አለ። አንዱ የትዳር ጓደኛ በፈቃዱ የሚሄደው ምዕራፍ ለሌላው ግዴታ ይሆንበታል፤ ጓዙን ሁለቱም ይሸከሙታልና። ወ/ሮ አበበች የመረጡትን ማንም እንዲመርጥ መምከር አልደፍርም። ትክክል መረጡ ብዬ ግን አምናለሁ፤ ልጆቹ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ያ መለኪያ ለእኛም ይሠራል። ሌላ ተሸካሚ ያለው ሸክምና እኛ ካልያዝነው የሚወድቅ ሸክም አንድ አይደሉም።

ዋግ ውስጥ በእነዚህ ዓመታት ያየነው ሁለተኛውን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልለዋል፤ ከመጠለያ ጣቢያው ውጭ ብዙዎች በዘመድና በማያውቁት ሰው ቤት ገብተዋል። ከዚያ ድርቁ ተከተለ። እንግዳ መቀበል በእኛ አገር ባህል ነው፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ያለን ሰው የሚመልስ ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን ባህሉ የተሠራው ለሚያድር መንገደኛ እንጂ ለወራት ለሚቀመጥ ቤተሰብ አይደለም። በሦስተኛው ወር ጎታው ሲጎድል፣ የሁለቱ ቤት ልጆች በአንድ ገበታ ሲጣሉ፣ ባለቤቲቱ ለሰባት ሰው የጋገረችውን ለአሥራ ሦስት ስትቆርስ፣ ያኔ የሚቀጥለው እርምጃ የባህል አይደለም። ሰቆጣ ውስጥ ያን እርምጃ የሄዱ ቤቶች ስማቸው በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

አሠሪ ለሆናችሁ አንባቢዎች ጥቂት ቃል አለኝ። «ክርስቲያን ነህ፣ ትንሽ ጨምር» እያሉ ሠራተኛን ማስመሸት ተለምዷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፣ በቀን የተሠራውም በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ያ ለእናንተ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። እርሱን ሳትሄዱ የሠራተኛውን ሁለተኛ ምዕራፍ መጠየቅ አትችሉም። የተጠየቀ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ደመወዙ የዘገየበት መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ከሰዓቱ በላይ ሲሠራ ብታዩ አመስግኑት፤ ግን አስቀድማችሁ ደመወዙን አድርሱለት።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን ቀጠሮው 2022 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። ያን ዓመት ሁለት ዓመት የሚሞላቸው ልጆች የሚፀነሱት ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በዋግ ያ ጊዜ ጎታ ባዶ የሚሆንበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ወር ነው፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሚጾሙትም ጾም እርሱ ነው። ነሐሴ 16 ጾሙ ተፈትቶ ልጃገረዶቹ ሻደይ የተባለውን ሣር ታጥቀው ወደ ጭፈራ ሲወጡ በየቤቱ የቀሩ፣ በጀርባ የታዘሉ ታናናሾች አሉ። የንስሐ አባቶች ሆይ፣ ሰኔ ላይ፣ ወንዞቹ ሳይሞሉ፣ የልጆቻችሁን ቤት ዙሩ፤ ስለ ሕፃኑ ድስት ከአያቲቱ ጋር ተነጋገሩ። እናንተ አባቶችም የእንቁላሉን ግማሽ ቤት አስቀሩ፣ ጀሪካኑን ከሚስታችሁ ጀርባ ውሰዱ። የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ።